ጩኸቱን ከመፋቃችን በፊት ምንጩን እንፈልግ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኔ ደግሞ በሽታውን ሳልመረምር መድኃኒት አብዝቼ የከሰርኩ ሰው ነኝ። ነገሩ የተፈጠረው በትውልድ ከተማዬ በጥያ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስትሄዱ በሶዶ የምታገኟት፣ በትክል ድንጋዮቿ የምትታወቀዋ ጥያ ማለቴ ነው።

ክረምት ላይ ለዕረፍት ስሄድ ኤሌክትሪክ ጊታሬን፣ ላፕቶፔንና ሁለት መግቢያ ያላት አንዲት ትንሽ ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይዤ ነበር። ሐሳቤ ትልቁ አጎቴ የድሮ የሠርግ ዘፈኖችን በክስታንኛ ሲዘፍኑ እኔ በጊታር እያጀብኩ መቅረጽ ነበር። እሳቸውም «ካልክ እሺ» ብለው ግማሽ ቀን ሙሉ ዘፈኑልኝ። ማታ ሳዳምጠው ግን ከዘፈኑ ሥር «እዝዝዝ» የሚል ድምፅ አለ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ኦዳሲቲ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቼ የድምፅ ማጽጃውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ቦታ ለመቆጠብ ብዬም ዋናውን ቅጂ አጠፋሁት። እዝዝታው በእርግጥ ጠፋ፤ ነገር ግን የወፍራሞቹ ክሮች ድምፅም አብሮ ሳሳ፣ የአጎቴም ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ መሰለ። በጥምቀት ሰሞን ተመልሼ እንደገና እንዲዘፍኑልኝ ብለምናቸው «ልጄ፣ ድምፄ እኮ ሄዷል» አሉኝ። ምን ይባላል?

ታዲያ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው? አይደለም። የአገራችን የመብራት ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ከመብራት መስመር የሚመጣ እዝዝታ በ50፣ በ100፣ በ150 ሄርዝ እያለ ይደረደራል። የጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ ወደ 82 ሄርዝ፣ ተከታዩ 110 ሄርዝ ነው፤ የወንድ ድምፅም ብዙ ጊዜ መነሻው ከዚያው ሰፈር አይርቅም። እዝዝታውና ዘፈኑ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው። በጥያ ካሉት 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ የተቀረጹ ሲሆኑ ሰይፍ ከታወቁት ምልክቶቻቸው አንዱ ነው። ሻጋታውን አስለቅቃለሁ ብሎ ድንጋዩን በመሮ የሚፍቅ ሰው ሰይፉንም ይፍቀዋል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ምንጩን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። በዚያው የጥምቀት ሰሞን ማታ ብቻዬን እየተጫወትኩ ስቀርጽ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፤ እዝዝታው ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄደ! መብራት ሲመጣ ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ ድምፁ የለም። ሰካሁት፣ ተመለሰ። ክሮቹን በእጄ ስይዝ ቀነሰ፣ ስለቅ ጨመረ። ይህን ለጎረቤታችን ለኤሌክትሪክ ባለሙያው ነገርኩት። መጥቶ ከቆጣሪው ላይ አጥፍቶ ሶኬቱን ቢፈታው ሦስተኛው ቀዳዳ ጭራሽ ሽቦ የለውም! ሶኬቱ ባለ ሦስት ነው፣ ግራውንድ ግን የለም።

የብዙ ላፕቶፖች ቻርጀር ውስጥ የሚረብሸውን ሞገድ ወደ ግራውንድ የሚያወርዱ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ግራውንድ ከሌለ ሞገዱ መውረጃ ያጣና በላፕቶፑ አካልና በኬብሉ በኩል እስከ ጊታሩ ይደርሳል። የላፕቶፑን ብረት ስትነኩ ጣታችሁን ነዘር የሚያደርጋችሁ ነገርም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። እንግዲህ የአጎቴን ዘፈን ያበላሸው እዝዝታ ቤታችን ግራውንድ እንደሌለው ሲነግረን ነበር፤ እኔ ግን መልእክተኛውን አፈንኩት።

በእርግጥ ሌሎች ምንጮችም አሉ። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ እንደ አንቴና ስለሚሠራ ከፍሎረሰንት መብራትና ከትራንስፎርመር ድምፅ ይለቅማል፤ ተቀምጣችሁበት ዞር ዞር ስትሉ ድምፁ ከፍ ዝቅ ካለ እሱ ነው። «ድ-ድ-ድ-ድ» የሚለው ደግሞ አጠገባችሁ ያለው ሞባይል ነው። ገመዱን ስታወዛውዙ የሚንቋቋ ከሆነ ጃኩን እዩት። የጊታሩን ድምፅ ዜሮ ስታደርጉት እዝዝታው ባለበት ከቀረ ከጊታሩ ወዲህ ያለውን ፈልጉ። ዋናው ቁም ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። አምስቱን በአንዴ ከለወጣችሁ ድምፁ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንዳጠፋው አታውቁም።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አደገኛ ምክር አለ። «የፕለጉን የግራውንድ እግር ቁረጠውና ተገላገል» የሚሉ አሉ። ሁለት ዕቃዎች በተለያየ መንገድ ግራውንድ ሲያገኙ እዝዝታ ሊፈጠር ስለሚችል መቁረጡ አንዳንዴ ድምፁን ያጠፋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የጊታሩ ክሮች በኬብሉ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተያያዙ ናቸው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሽቦ ቢላቀቅ መውረጃ ያጣው ኃይል በእጃችሁ በኩል ይሄዳል። ዘፈን ለማሳመር ሕይወት አይከፈልም። ይልቅ ሁለቱንም ዕቃ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ፕሮግራሙ እያለ ምን አደከመህ?» ይሉኛል። ፕሮግራሙን አልጠላም፤ በመጨረሻ፣ በቅጂው ላይ፣ በጥቂቱ ከሆነ ይጠቅማል። ቅሬታዬ ከመነሻው እሱን ስንይዝ መመርመር መርሳታችን ላይ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ግራውንድ ተምረናል፣ ተፈትነንበታል፣ ጥሩ ውጤትም አግኝተናል። ስንቶቻችን ግን የተኛንበትን ክፍል ሶኬት ጉዳይ ጠይቀናል? እኔ በበኩሌ አልጠየቅኩም ነበር።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በቤተ ሙከራ ሰዓት አንድ ጊታር፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ መልቲሜትር ይቅረብልን፤ መምህራችን እየተቆጣጠሩ እዝዝታውን ከምንጩ እንድናድነው እንደረግ። ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ፣ በየቤታችሁ እንደ አጎቴ ያሉ አረጋውያን አሉና ሳትዘገዩ ቅረጹ። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ዝምታ ቀርጻችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ዋናውን ቅጂም፣ እዝዝ ቢልም እንኳ፣ በፍጹም አታጥፉት። ለእዝዝታው ነገ የተሻለ መፍትሔ ይገኝለት ይሆናል፤ ለጠፋ ድምፅ ግን የለም።