ለጥያቄ የሚከፈል ገንዘብ

ለትራኮማ፣ ገበሬው የዓይን ማዝ ለሚለው በሽታ፣ ዱሮ የሚታዘዘው ቴትራሳይክሊን የሚባል ቅባት ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። ለሚያዘው ሰው ቀላል ነው። አራት ልጆች ያሏት እናት ግን ጠዋትና ማታ አራቱንም እያባረረች ይዛ፣ የዓይናቸውን ቆብ ገልጣ፣ የሚያቃጥልና እይታ የሚያደበዝዝ ነገር ለ42 ቀን ስትቀባ አስቡት። ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ከብት አግብታ ማለት ነው። ብዙዎቹ እናቶች አይጨርሱትም ነበር፤ አይፈረድባቸውም።

ይህን ችግር በደንብ አጥኑልን ብለው ገንዘብ ካወጡት ጥቂቶች አንዱ የኒውዮርኩ ኤድና ማክኮኔል ክላርክ ፋውንዴሽን ነው። ሀብቱ የመጣው ከኤቨን መዋቢያዎች ሽያጭ ነው፤ የኤድና አባት የኩባንያው መሥራች ነበሩ። በአሜሪካ መለኪያ ከግዙፎቹ ተርታ አይቆምም ነበር፤ ከመድኃኒት ፋብሪካ ጎን ሲቆምማ ከቁጥር አይገባም ነበር። እኔ የዚህን ፋውንዴሽን ታሪክ የማነሣው አጋርነት የሚለው ቃል በየስብሰባው እየተነሣ፣ በየባነሩ አርማ እየተደረደረለት ስለሰለቸኝ ነው። ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ድርጅት ትልቁን ሥራ የሚሠራው አጋሮቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው፤ ማንም የማይከፍልበትን ጥያቄ ከፍሎ ሲያስጠና። ያ ሳይሆን የተጀመረ አጋርነት ሁሉም ያለውን ብቻ የሚያዋጣበት ማኅበር ይሆናል፤ ማንም ዘንድ የሌለው ነገር እንደጎደለ ይቀራል።

በ1980ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ትራኮማ ለመጠየቅ ገንዘብ የሚያወጣ ብዙ አልነበረም። ለመድኃኒት ኩባንያ በሽተኛው ገዢ አይደለም። ለጋሽ መንግሥታት የሚቆጠር ውጤት በዓመት ውስጥ ይፈልጋሉ። በየአገሩ ጤና ሚኒስቴር ዘንድ ደግሞ ወባና ኩፍኝ እያሉ ቀስ ብሎ የሚያሳውር በሽታ ተራ አይደርሰውም። የክላርክ ፋውንዴሽን ግን ተመራማሪዎችን ዓመት ከዓመት ሲደግፍ ቆየ። በ1993 ከጋምቢያ የወጣ ጥናት፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ ተውጦ የስድስት ሳምንቱን ቅባት ያህል እንደሚሠራ አሳየ። ቀጣዩ ጥያቄ መንደሩን በሙሉ፣ የታመመውንም ያልታመመውንም፣ ብናክምስ የሚል ነበር። እሱም በግብፅ፣ በጋምቢያና በታንዛኒያ ተሞከረ።

አጋርነቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1998 ፋውንዴሽኑና የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር፣ ኢንተርናሽናል ትራኮማ ኢኒሺዬቲቭን መሠረቱ። ፋይዘር በወቅቱ ገበያው የደራለትን ዚትሮማክስ፣ ማለትም ያንኑ አዚትሮማይሲን፣ በነፃ ሊሰጥ ተስማማ፤ ፋውንዴሽኑ ዕውቀቱንና ሰዎቹን ሰጠ፤ የሐሩር በሽታዎች ፕሮግራሙን ሲመሩ የነበሩት ዶክተር ጆሴፍ ኩክ የአዲሱ ድርጅት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኑ። ፋይዘር ለጽድቅ ብቻ አደረገው የምል የዋህ አይደለሁም፤ ስም ይገዛበታል፣ የግብር ቅናሽም ያገኝበታል። ቢሆንም ክኒኑ ደርሷል። እስካሁን የተሰጠው ከ1 ቢሊዮን ዶዝ በላይ ነው። ሥራው ከተጀመረባቸው አምስት አገሮች ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማሊ በ2023፣ ቬትናም በ2024 ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላቸዋል። የቀረችው ታንዛኒያ ናት። ፋውንዴሽኑ ግን ከሁሉም አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ፊቱን ወደ አሜሪካ ወጣቶች አዙሮ፣ በኋላም ያለውን ገንዘብ አውጥቶ ለመጨረስ ወሰነ። ስሙን የሚያውቅ የጎጃም ገበሬ ያለ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ ያማረ ይሆን ነበር። ኢትዮጵያ ግን አለች።

በ2006 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች መካከል 40.1 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳየ። በአማራ ክልል ቁጥሩ 62.6 በመቶ ነበር። ሕፃናቱን ስለሚይዙ ይበልጥ የሚጎዱት ሴቶች ናቸው። ደጋግሞ የታመመ የዓይን ቆብ ጠባሳው ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ሽፋሽፍቱ ዓይኑ በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። ስለዚህ ሴትዮዋ ወረንጦ በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ በየጊዜው ለጎረቤት ወይም ለልጇ ሰጥታ ታስነቅላለች፤ ፀጉሩ እንደገና ይበቅላል። ቀላል ቀዶ ሕክምና ያስተካክለዋል፤ ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ይሠራዋል።

በጎ አድራጊዎቹ ካርተር ሴንተርና ላየንስ ክለብ ከአማራ ክልል ጤና ቢሮ ጋር ከ2001 ጀምሮ ሥራው ውስጥ ገቡ። በ2008 ደግሞ ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ የያዘ የዘመቻ ሳምንት ተጀመረ። በየቀበሌው ቁመት መለኪያ ዱላ ይተከላል። ልጁ ይቆማል፤ አናቱ የነካው መስመር የሚሰጠውን መጠን ይናገራል። ሚዛን አያስፈልግም፣ ዕድሜ በትክክል ማወቅም አያስፈልግም። ለትንንሾቹ ሽሮፕ፣ ለትልልቆቹ ክኒን፤ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ያው የዱሮው ቅባት። በሳምንት ውስጥ ሚሊዮኖች ይዳረሳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ስልት ግን አራት እግር አለው፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብ፣ የአካባቢ ንጽሕና። መድኃኒቱ ፋይዘርን አገኘ። ቀዶ ሕክምናውም ደጋፊ አላጣም። ፊት ለመታጠብ ውኃ ያስፈልጋል፤ ውኃን የሚለግስ ፋብሪካ ግን የለም። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ አጋርነት በተፈጥሮው አጋሮቹ እጅ ያለውን ነገር ያገንናል። ከአሥር ዓመት በላይ መድኃኒት ከታደለ በኋላም በአማራ ክልል ብዙ ወረዳዎች የታመሙ ልጆች ድርሻ የበሽታው ማብቂያ መለኪያ ከሆነው 5 በመቶ በታች አልወረደም። ትራኮማን ለማብቃት ዓለም ለ2020 የቀጠረው ግብ አልተሳካም፤ ወደ 2030 ተገፋ። በመሐል ኮቪድም የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነትም ዘመቻውን አደናቅፈውታል፤ ነገር ግን ወረዳዎቹ ከሁለቱም በፊት ተቸግረው ነበር።

ታዲያ ውኃውን እናምጣ ያሉ ተመራማሪዎች በዚያው በአማራ ክልል ዋግ ኽምራ ላይ ሞከሩት። በተወሰኑ ቀበሌዎች ውኃ አወጡ፣ ስለ ንጽሕና አስተማሩ፣ በሌሎቹ አላደረጉም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አወዳደሩ። በ2022 የታተመው ውጤት አንገት ያስደፋል፤ በልጆቹ ዓይን ላይ በተገኘው ተሕዋስ ረገድ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ይህ ውኃ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ውኃ ለሌላ ብዙ ነገር ያስፈልጋል። ነገር ግን ውኃ ቢኖር ኖሮ እያልን ስንጽናናበት የቆየነው መልስ እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም።

ስለዚህ ጉዳዩ እንደገና ክላርክ ፋውንዴሽን የጀመረበት ቦታ ላይ ነው፤ መልሱ ሳይታወቅ። ኦሮሚያ ውስጥ የሎንዶን ተመራማሪዎች ዓይን ላይ የሚያርፈውን ዝንብ ሲከታተሉ ቆይተዋል። ዝንቡ የሚራባው ሜዳ ላይ በሚጣል ዓይነ ምድር ነው፤ የተነሣው ሐሳብ ደግሞ በፀረ ዝንብ መድኃኒት የተነከረ ሻሽ ዝንቡን ያግድ ይሆን የሚል ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ሊከሽፍ ይችላል። የሚመረቅ ሕንፃ የለውም፣ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን የለውም።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያሉ የአገር ልጆች ማኅበራት የትውልድ ወረዳቸውን ለማገዝ ገንዘብ ሲያዋጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ክፍል ማሠራት፣ አልጋና አምቡላንስ መላክ ነው። ደግ ነው፤ ለጋሹም ያዋጣውን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ነገር ግን በሚዋጣው ገንዘብ አንድ የጎንደር ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሦስት ወረዳ ልጆች ለምን እንደገና እንደሚያዙ ለዓመታት እንዲከታተል ማድረግም ይቻላል። ቁምነገሩ ስብሰባው ላይ ይህን ሐሳብ ማን ያቀርበዋል የሚለው ነው፤ ፎቶ የሚነሣበት ነገር እንደሌለ እያወቀ።