የተላከ ልጅ ይመለሳል

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ሮም ከተማ ስዞር ዋልኩ። በእግሬ እንዳይመስላችሁ፤ ሆሳዕና በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬን ይዤ ነው።

የልጅ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በተማሪዎች ልውውጥ ለአምስት ወር ጣሊያን ሄዳለች። እዚያ የምትማረው እዚህ ባለው ዩኒቨርሲቲዋ ይቆጠርላታል፤ ተመልሳም እዚሁ ትመረቃለች። ያን ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር በጠዋት ባቡር ተሳፍራ ሮምን ለማየት ሄደች። «እማማ፣ በደረስኩበት ሁሉ ፎቶ እልክልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ በየደቂቃው አትደውዪ» አለችኝ።

ነርስ ጡረታ ብትወጣም ነርስ ናት። ቁርስ በልተሻል? ውኃ ይዘሻል? ጫማሽ አይጨምቅሽም? ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ የአንድ ብረት ቧንቧ ፎቶ ሆነ። ሮም ውስጥ እንዲህ ያሉ የመንገድ ቧንቧዎች 2,500 ያህል ናቸው፤ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በነፃ ያፈሳሉ። በሐዲያና በከምባታ ቀበሌዎች ስለ ውኃ ወለድ በሽታ ስታስተምር ለኖረች ሴት፣ ከዚያ ከተማ ሐውልት ሁሉ ያ ቧንቧ በልጦ ታየኝ።

ቀጥላ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ወጣች። በአሳንሰር ለሚጀምር ሰው ዋጋው ስለሚጨምር 551ዱን ደረጃ በእግሯ ነው የወጣችው። «የአምበሪቾን 777 ደረጃ የወጣ ሰው በዚህ አይደክምም» ብላ ጻፈችልኝ። እናቷ የከምባታ ልጅ ናትና ኩራቱ ይገባታል። ከላይ ሆና ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን ትንሹን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አየች። ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ የነበረ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዝ አዲስ ኪዳንን ሮም ላይ ያሳተሙት እዚያ ሲኖሩ ነው፤ ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1548 እና 1549 ነበር።

እኔ ይህን እያነበብኩ ጎረቤቶቼ ለቡና መጡ። ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። አንዷ ስኒዋን አስቀምጣ፣ «መቼም አትመለስም አይደል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልናዘዝ። ያ ሐሳብ ከእሷ በፊት በእኔ ልብ ውስጥ አድሮ ነበር።

በእኛ አገር ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለ ቦታ፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ስደተኞች ሞተው ሲገኙ፣ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀርም ተብሎ በዜና ሲነገር፣ ስንቱ እናት ስልኳን ይዛ እንዳደረች አውቃለሁ። የእህቴ ልጅ በዚያው መንገድ ከሄደ 11 ዓመቱ ነው፤ ድምፁን አልሰማንም። እህቴ ዛሬም የማታውቀው ቁጥር ሲደወል እጇ ይንቀጠቀጣል። ታዲያ ዘመድ፣ «ሌላው ሞቶ ያላገኘውን እሷ በአውሮፕላን ሄዳ አግኝታ እንዴት ትመለሳለች?» ቢል ክፋት አይደለም። ሐዘን ነው የሚያናግረው።

ከሰዓት በኋላ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ደረሰች። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን የጨረሰው እዚያ ነው፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከዚያ የተሽከርካሪ መንገድና ሣር ብቻ የሚታይበት ፎቶ ላከችልኝ። ምንድን ነው ብዬ ደወልኩ።

«እማማ፣ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ ነው። ፋሺስቶች በወረራው ዘመን ወስደው ያቆሙት እዚህ ነበር። አሁን የለም።»

ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግም ቆሟል። ይህን ስንነጋገር ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አጎቴ ደውሎልኝ ነበር። እዚያው ቅሪ አለኝ። አንቺም እንደዚያ ትፈልጊያለሽ?»

ወላጆች፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ቀድሞ መዘጋጀት ነበረበት። እኔ አላዘጋጀሁም። ግን የፈቃዷ ቀን ካለፈ በኋላ ምን እንደሚከተል አሰብኩ። ዲግሪዋ በጅምር ይቀራል። ብትታመም ሐኪም ቤት ለመሄድ ትፈራለች፤ ወረቀት የሌለው ሰው ሕመሙን ሲደብቅ ይከፋበታል። እኔ ብሞት መጥታ አትቀብረኝም።

«እኔ የላክሁሽ እንድትማሪ ነው» አልኳት። «ጨርሰሽ ነይ። ከተመረቅሽ በኋላ ዳግም መሄድ ብትፈልጊ በሕጉ፣ በበሩ ትሄጃለሽ። አጎትሽን እኔ አነጋግረዋለሁ።»

ትንሽ ዝም አለችና፣ «እሺ እማማ። እግሬ ግን አብጧል» አለች። ለብ ባለ ውኃ ታጥበሽ ትራስ ላይ ከፍ አድርገሽው ተኚ አልኳት። ማታውኑ አጎቷ ጋ ሄድኩ። ለረጅም ሰዓት ተከራከርን። ስለ እህታችን ልጅ ስናነሳ ሁለታችንም አለቀስን። በመጨረሻ፣ «ሁለተኛ አልደውልላትም» አለኝ።

ሆስፒታላችን በስሟ የሚጠራላት ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነበረች። ከ500 ዓመት በፊት ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ልካለች። ማቴዎስ ዓመታት ፈጀበት እንጂ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1520 ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር ምጽዋ ተመልሶ ደርሷል። መላክና መሰደድ ይለያያሉ። የተላከ ሰው የሚጠብቀው አለው፤ መመለሻውም የታወቀ ነው።

ልጃችሁን ለትምህርት የምትልኩ ሁሉ፣ ከመሄዱ በፊት ዘመድ አዝማዱን ሰብስባችሁ በአንድ ቃል ተስማሙ። በስልክ ስታገኙትም «ምን ትልክልናለህ?» ከማለት «ዛሬ ምን አየህ?» በሉት። የእኔዋ ሐምሌ ላይ ትመጣለች። ለያሆዴ አታካና እንድሠራላት ከአሁኑ አዝዛኛለች፤ ቅቤውን ማጠራቀም ጀምሬያለሁ።