ለጭዱም ዩሪያ ይመደብለት

በመካከለኛው የአገራችን ደጋ የግጦሽ መሬት እየታረሰ በጠበበ ቁጥር ከብቱ ጭድ ላይ ወድቋል። ስለ ጭድ ሲነሳ ግን ስንት ክምር እንዳለና ስንት እንደሚሸጥ እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የስንዴ ጭድ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 3 ወይም 4 ገደማ ነው። በከብት ጨጓራ ውስጥ ሆነው መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ደግሞ 7 በመቶ ያህል ካላገኙ ሥራቸው ይዳከማል። ጭዱም ሳይፈጭ ጨጓራውን ይዞ ይቆይና ሌላ መኖ እንዳይገባ ያግዳል። በሬ ሆዱ እንደሞላ የሚከሳው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ አሟምቶ በ100 ኪሎ ጭድ ላይ እያርከፈከፉና እየረገጡ መከመር፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ አፍኖም ለ21 ቀን ማቆየት ነው፤ ብርድ በሚበዛበት ደጋ ከዚያም ይረዝማል። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ይለወጥና የጭዱን እንጨታማ ክፍል ያላላዋል፣ ፕሮቲኑንም ወደሚፈለገው መጠን ያደርሰዋል። የልማት ሠራተኞች ይህን ለዓመታት አስተምረዋል፤ ከሠርቶ ማሳያው ግን ብዙ አልራቀም። ጥፋቱን በአርሶ አደሩ ቸልተኝነት ላይ የሚጥሉ አሉ። የዚህ ጋዜጣ አቋም ከዚህ ይለያል፤ እንቅፋቱ የዩሪያው ወቅት ነው። ዩሪያ የሚታዘዘውና የሚከፋፈለው ለዘር ጊዜ ታስቦ፣ በማሳ ስፋት ተሰልቶ ነው። ጥር ላይ እህሉ ተወቅቶ ጭዱ ሲከመር ለጭድ ብሎ ዩሪያ ያስቀረ ማንም የለም።

«ለሰብሉ መች በቃና ለጭድ?» የሚለው ሙግት ቀላል አይደለም። ዩሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ጭድ ውስጥ ከገባው ናይትሮጅን ውስጥም አብዛኛው ክምሩ ሲከፈት በንኖ ይጠፋል። ቢሆንም ሒሳቡ እስከ ማሳው ይሠራ። አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 10 ኩንታል ጭድ ያክማል፤ ይህም እያንዳንዳቸው በቀን 6 ኪሎ ለሚበሉ ጥማድ በሬዎች ለሦስት ወር ትንሽ ፈሪ ነው። እነዚያ ወራት መኖ የሚጠፋባቸው፣ የክረምቱ እርሻም የሚቃረብባቸው ናቸው። በሬው አቅም አንሶት እርሻው ከዘገየ ዘሩም ይዘገያል፤ ወቅቱ ባለፈ ዘር ላይ የሚበተን ዩሪያም ቢሆን ብክነት ነው።

ሁሉም ጭድ ግን ይህን ወጪ አያወጣም። የጤፍ ጭድ ከስንዴው የተሻለ መኖ ነው፣ ገበያም አለው፣ ለቤት ምርጊትም ይፈለጋል። የባቄላና የአተር ገለባ ከዝናብ ተጠብቆ ቢቀመጥ ይበቃዋል። መጀመር ያለበት በበጋ መስኖ ስንዴ ነው። ይህ ስንዴ የሚታጨደው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ሕክምናውን ያፋጥናል። ከጉድጓድ ውኃ በእንስራ ማመላለስ ጭድ ማከምን ለሴቶችና ለልጆች ተጨማሪ ሸክም የሚያደርገው ቢሆንም፣ እዚህ ቦዩ ከማሳው ዳር ነው። ዩሪያም ለዚያው ሰብል ወደ ወረዳው ይገባል። ግብርና ሚኒስቴርና ክልሎች የመስኖ ስንዴ ማዳበሪያ ሲያቅዱ ለጭዱ የሚሆነውን ለብቻው ይመዝግቡ፤ ላስቲኩንም ዩኒየኖች አብረው ያቅርቡ።

የአደጋው ስጋት ከንቱ አይደለም። በቅጡ ያልሟሟ ወይም በግምት የተጨመረ ዩሪያ ከብት ይገድላል፤ ስለዚህ ከዩሪያው ጋር ሚዛንና አሳይቶ የሚያሠራ ባለሙያ መላክ አለበት። የታከመው ጭድ የአሞኒያው ሽታ እስኪበርድ ይናፈሳል፤ ከዚያም ካልታከመው ጋር እየተቀላቀለ ቀስ በቀስ ይለመዳል። ለሚያመሰኩት ብቻ የሚሆን ስለሆነም አህያና ፈረስ፣ ጨጓራው ያልጠናም ጥጃ ወደ ክምሩ እንዳይቀርቡ መታጠር ይኖርበታል።