ደሴትን በሥዕል ስለ መምረጥ

በዚህ በገላን ኮንዶሚኒየም፣ በጥር ወርና ከትንሣኤ በዓል በኋላ ባሉት ሳምንታት በየሕንፃው መካከል የሠርግ ድንኳን ሲተከል፣ ከሙሽሮቹ ወዳጆች አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ ስለ ጎጆ አወጣጣቸው ወይም ስለ ትዳራቸው አመሠራረት መሆኑ ቀርቶ፣ ለጫጉላ ሽርሽር ወደ የትኛው ደሴት እንደሚሄዱ ሆኗል። ዛንዚባር ነውን? ሲሸልስ ነውን? ወይስ ማልዲቭስ? መልስ የሌለው ሙሽራ አንዳች ነገር እንደ ጎደለው ሰው ይታያል፤ መልስ ያለው ደግሞ መልሱን ያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራምና በፌስቡክ ከሚዘዋወረው የአስጎብኚ ድርጅት ማስታወቂያ፣ ማለትም ሰማያዊ ውኃ፣ ነጭ አሸዋና ወደ ባሕር ያዘነበለች ዘንባባ ከሚታዩበት ሥዕል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምቃወመው ሰው ባሕር ለማየት መመኘቱን አይደለም፤ የምቃወመው ደሴትን በሥዕል የመምረጥን ልማድና ይህን ልማድ ያጸናውን፣ ሩቅ ደሴት የክብር ምልክት ነው የሚለውን ሐሳብ ነው።

ባሕርን መናፈቅስ ለእኛ ሰው ነውር ሊሆን አይችልም። የአባቶቻችን ትውልድ ዕድል ሲገጥመው ከአሥመራ ደጋ ወደ ምጽዋ ወርዶ በጉርጉሱም ዳርቻ ይታጠብ፣ የዳህላክንም ደሴቶች የሀገሩ ደሴቶች ናቸው ብሎ በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ያጠና ነበር፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህ ግን ለኢትዮጵያዊ ጨው ባሕር ማለት ፓስፖርት የሚጠየቅበትና የውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት የባዕድ ሀገር ሆኗል። በመርከብ ከደሴት ወደ ደሴት እየተዘዋወሩ መሰንበትም ወደብ ላላቸው ሕዝቦች የቀረበ ነገር ስለሆነ፣ የእኛ ሰው በአውሮፕላን ተሳፍሮ አንዱን ደሴት፣ ምናልባትም በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ፣ አይቶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ምርጫ ብዙ ምርምር ይገባው ነበር፤ እኛ ግን ለቤታችን ማቀዝቀዣ ስንገዛ የምናደርገውን ጥየቃ ያህል እንኳ አናደርግለትም።

የመጀመሪያው ጥፋት ወራትን አለመጠየቅ ነው። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደረግ፣ የኦርቶዶክሳውያን ሠርግ ይበልጡን ከዐቢይ ጾም በፊት በጥር፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ይሰበሰባል። በዛንዚባር ደግሞ በስዋሒሊ ቋንቋ ማሲካ የሚባለው ትልቁ ዝናም የሚወርደው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ማብቂያ ነው፤ ስለዚህ ከፋሲካ ማግሥት ወደዚያ የሚበር ሙሽራ በሀገሩ በሐምሌ የሚያውቀው ዓይነት ዝናም ይጠብቀዋል። ከዝናምም የባሰ ነገር ይደርሳል፤ በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን ሲውል፣ በዋዜማው በቀዳም ሥዑር ዕለት ሂዳያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከዛንዚባር በስተደቡብ ባለችው በማፍያ ደሴት ላይ ደርሶ፣ በዳሬሰላምና በዛንዚባር መካከል የሚመላለሱት ጀልባዎች ጉዞአቸውን ለማቋረጥ ተገደው ነበር። በዚያው ወራት ግን በሲሸልስ የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ አልፎ የደቡብ ምሥራቁ ገና ሳይጸና ባሕሩ ጸጥ ይላል። በጥር ነገሩ ይገለበጣል፤ ዛንዚባር ሞቃትና ደረቅ ስትሆን፣ የሲሸልስ ትልቋ ደሴት ማሄ የዓመቱን ብርቱ ዝናም የምትቀበለው ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ማልዲቭስም በጥርና በየካቲት ደረቅ ሆና ከግንቦት ጀምሮ ወደ ዝናሟ ትገባለች። እንግዲህ ለጥር ሙሽራ ዛንዚባርና ማልዲቭስ፣ ለፋሲካ ሙሽራ ሲሸልስ ይስማማሉ ማለት ነው፤ ይህንንም ለማወቅ የጂኦግራፊ ሊቅ መሆን አያሻም።

ይህ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ባየኋቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ አንዱ ሰማያዊ ሰማይ ለዐሥራ ሁለቱም ወር ሲሸጥ እንጂ የዝናም ወር ተጽፎ አላየሁም። በማሲካ ወራት ከዛንዚባር ሆቴሎች አንዳንዶቹ ይዘጋሉ፣ የቀሩትም ዋጋቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሙሽራውም ቅናሹን እንደ በረከት ተቀብሎ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ቀብዱን ይከፍላል። ሻጩ ምክንያቱን እያወቀ ዝም ካለ፣ ዝምታው ከሐሰት ቃል የሚለይበት ነገር አይታየኝም።

ከዝናሙ ሌላ የባሕሩ መሙላትና መጉደል አለ። በሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ውኃ በአንድ ቀንና ሌሊት ሁለት ጊዜ ሸሽቶ ሁለት ጊዜ ይመለሳል ቢሉት ለማመን ይቸገራል፤ ነገር ግን በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ባሕሩ ሲጎድል በመቶ የሚቈጠር ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይልቁንም ጨረቃ በምትወለድበትና በምትሞላበት ሰሞን ብርታቱ የጎላ ነው። ሥዕሉ የሚነሣው በሙላቱ ሰዓት ስለሆነ፣ ይህን ሳያውቅ የሄደ እንግዳ በማለዳ መስኮቱን ከፍቶ ባሕሩን ያጣዋል። ሲዋኝ መዋል የፈለገ ሰው በሰሜን በኩል ያለችውን ኑንጉዊን ቢመርጥ ይሻለዋል። ውኃው በሸሸበት አሸዋ ላይ ግን ሌላ የሚታይ ነገር አለ፤ የዚያች ሀገር ሴቶች እያጎነበሱ በገመድ ላይ የባሕር ሣር ይተክላሉ፣ ይሰበስባሉ፤ ለእኛ ባዶ መስሎ የታየን ስፍራ እርሻቸው ነው። ደሴት ሁሉ ባለቤት አለው። የዛንዚባር ሕዝብ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙስሊም ስለሆነ፣ በከተማው መንገድ በዋና ልብስ መመላለስ በደብራችን ቅጽር እንዲሁ ሆኖ የመግባትን ያህል ባለቤቶቹን ያሳዝናል፤ ማስታወቂያው ግን ሰው የሌለበት ዳርቻ ስለሚያሳይ ይህን የሚያስተምር ቃል የለውም።

ስለ ዛንዚባር ከተነገረ ዘንድ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይቻለኝም። ዛሬ ሙሽሮች በጠባብ መንገዶቿና በተቀረጹ በሮቿ ፊት ፎቶግራፍ የሚነሡባት ስቶን ታውን የምሥራቅ አፍሪካ ታላቁ የባሪያ ገበያ የነበረባት ከተማ ናት፤ ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ተዘግቶ በስፍራው የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቷል። ከሱልጣን ሰኢድ ልጆች አንዷ የሆነችው ሰልማ፣ ወደ ጀርመን ሀገር ተሰዳ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ፣ በአባቷ ቤተ መንግሥት ከነበሩት ዕቁባቶች መካከል ሐበሾች ሴቶች እንደ ነበሩ ጽፋለች። ከዚህች ምድር በባርነት ወጥተው ያን ባሕር የተሻገሩ እኅቶቻችን እዚያ ኖረው እዚያ ሞተዋል። የዛሬዪቱ ኢትዮጵያዊት ሙሽራ በነጻነት፣ በገዛ ፓስፖርቷ፣ ከወደደችው ባሏ ጋር በዚያች ከተማ ስትራመድ ይህን ማወቅ ይገባታል፤ ይህ ዕውቀት ደስታዋን ያደበዝዘዋል የሚል ቢኖር፣ እኔ ጉዞዋን ያከብረዋል እላለሁ።

ስለ ወጪው ብዙ መናገር አያስፈልግም፣ ሁሉም ያውቀዋልና። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ደሴቶቹ ግን የሚሸጡት በዶላር ነው። ዛንዚባርም ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ከእያንዳንዱ የውጭ እንግዳ 44 ዶላር የመድን ክፍያ ትጠይቃለች። የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ ለባንክ በየወሩ የሚከፍል የገላን ሰው፣ የዕቁቡን ብርና የዘመዱን ብድር ጨምሮ ለአራት ቀን ሥዕል ሲያወጣው፣ አባቶች ከንቱ ውዳሴ ብለው ከሚያስጠነቅቁት ፈተና የተለየ ነገር አላይበትም። እንዲህ የሚያስጨንቀው ደግሞ ሙሽራው ራሱ ሳይሆን «የት ሄዳችሁ?» የሚለው የእኛ የጎረቤቶቹ ጥያቄ ነው።

ሀገራችን ደሴት የሌላት ይመስል እንዲህ መሆናችንም ያሳዝነኛል። ከገላን ወጥቶ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣውን የአዳማ ፈጣን መንገድ ይዞ፣ በሞጆ ታጥፎ በመቂ በኩል የወረደ ሰው፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባቱ ከተማ ከደንበል ሐይቅ ዳርቻ ይደርሳል። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከእነርሱም ትልቋ ቱሉ ጉዶ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ የተጠለለችባት ናት ተብሎ በትውፊት የሚነገርላት፣ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችባት ደሴት ናት። በእነዚህ ደሴቶች ዘመናትን የኖሩት የዛይ ሰዎች ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ልሳን አላቸው፤ ተራራውን በእርከን ያርሳሉ፣ ቆሮሶና አምባዛ ያጠምዳሉ፤ ከመካከላቸውም ብዙዎች ኑሮ ሲያስቸግራቸው ወደ ዳርቻው ከተሞች ፈልሰዋል። ደንበል የህንድ ውቅያኖስን ይተካል አልልም፤ ውኃው ብልሃርዚያ ስላለበት አይዋኝበትም፣ ለመዋኘት ጥቂት አልፎ ላንጋኖ መድረስ ያሻል፤ በዙሪያው ያሉ የመስኖ እርሻዎችም ከሐይቁ ብዙ ውኃ ይስባሉ። ነገር ግን የህንድ ውቅያኖስን ደሴቶች ስም ዝርዝር በቃሉ የሚያውቅ የገላን ወጣት፣ በግማሽ ቀን መንገድ ላይ ያለችውን ቱሉ ጉዶን በስም እንኳ አለማወቁ የሚያሳፍር ነገር ነው።

የጣናስ ነገር? ሠላሳ ሰባት ደሴቶች እንዳሉት የሚነገርለት ጣና፣ በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ፋሲልንና የሌሎች ነገሥታትን ዐፅም ያቆየ ነው። ዳጋና ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ስለሆኑ ለባልና ሚስት አይመቹም፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕት ዓመት በደቅ ደሴት ያሠራቻት ናርጋ ሥላሴ ግን፣ ሴት ያሠራቻት እንደ መሆኗ፣ ለሁለቱም በር የምትከፍት ናት። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የጸናው ጦርነት መንገዱን አስፈሪ ስላደረገው፣ ዛሬ ሙሽሮችን ወደዚያ ሂዱ ብዬ ለመምከር አልደፍርም፤ ይህንም የምጽፈው በታላቅ ኀዘን ነው።

አስጎብኚዎች ሆይ፣ ከሥዕሉ በታች የዝናሙን ወር፣ የባሕሩን መጉደል፣ የሀገሩን ሰው ልማድና ሙሉውን ዋጋ በብር ጻፉ፤ ይህን ብታደርጉ ደንበኛ አይጎድልባችሁም፣ ያዘነ ደንበኛ ይጎድልባችኋል እንጂ። የገላን ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ሙሽሮችን ስለ ደሴት መጠየቃችሁ ይቅር። በሚመጣው ጥር የምትጋቡም፣ ለሩቁ ደሴት ቀብድ ከመክፈላችሁ አስቀድሞ አንድ ቅዳሜ ወደ ባቱ ውረዱ፤ ወደ ቱሉ ጉዶ የሚያደርሰው ጀልባ ከከተማዪቱ ዳርቻ ይነሣል።