የዓሣው ቤት መሬት ላይ ነው

ስለ ዓሣ ሀብት ጥበቃ ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን መረብ ነው፤ የመረቡ ዐይን ስፋት፣ የአስጋሪው ብዛት፣ የማስገሪያው ወቅት። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሆኖም ዓሣው የሚኖርበት ውኃ ንጽሕናውንም ሙቀቱንም በአብዛኛው የሚወርሰው ከዳርቻው መሬት ነው። ስለዚህ የደቡብ ኦሞን ዓሣ ለማዳን የሚሻ ሁሉ ከአስጋሪው በፊት በወንዝ ዳር የሚያርሰውን ገበሬ ሊያነጋግር ይገባል እላለሁ።

በጂንካ አጠገብ የሚያልፈው የኔሪ ወንዝ የአሪን ኮረብቶች ውኃ ይዞ ወደ ማጎ ቆላ ይወርዳል፤ ውኃው በመጨረሻ ከኦሞ ይቀላቀላል። ኦሞ ደግሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ከሚገባው ውኃ 90 በመቶ ያህሉን ይሸከማል። ከሐይቁ የዓሣ ዝርያዎች በርካታዎቹ በጎርፍ ወቅት ወደ ኦሞ እየወጡ ይራባሉ። በወንዙ መጨረሻ የሚኖሩት የዳሰነች ሰዎች ቆሮሶ፣ አምባዛና ናይል ፐርች የሚያሰግሩት ከዚህ ውኃ ነው።

እዚህ ላይ ፊዚክስ የሚለው አለው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት፣ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አንድ ሊትር ውኃ እስከ 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ሊያሟሟ ይችላል፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን 7.6 ሚሊግራም ብቻ። አምባዛ ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ስለሚስብ ይህን እጥረት ይቋቋማል፤ ናይል ፐርች ግን አይችልም። የዛፍ ጥላ እንደ ኦሞ ያለውን ሰፊ ወንዝ አያቀዘቅዝም፤ ጠባብ ገባር ወንዞችን ግን በእርግጥ ያቀዘቅዛል። የዛፉ ሥር ደግሞ አፈሩን ይይዛል። ዲያሜትሩ 0.01 ሚሊሜትር የሆነ የደለል ቅንጣት በረጋ ውኃ አንድ ሜትር ለመስጠም ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በላይኛው ተፋሰስ የታጠበ አፈር ሩቅ ተጉዞ፣ ውኃው በሚዘገይበትና ዓሣ እንቁላሉን በሚጥልበት ሥፍራ ይተኛል።

እንግዲህ ገበሬው ዳርቻውን ለምን አይተወውም? ስሌቱን እንሥራ። ግማሽ ሄክታር ማሳ ያለው፣ ማሳውም 100 ሜትር ያህል ወንዙን የሚያዋስን ገበሬ አሥር ሜትር ስፋት ያለው ዳርቻ ለዛፍ ቢተው 1,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የእርሻውን አንድ አምስተኛ ያጣል። ክልከላ ብቻውን ሲመጣ የአገር ሁሉ የሆነውን ሀብት በአንድ ቤተሰብ እንጀራ ለመግዛት መሞከር ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በቀን ይከበራል፤ በሌሊት ይጣሳል።

በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ሳልመን የተባለውን ዓሣ ለመታደግ የወንዝ ዳር ባለርስቶች የመገንባት መብታቸውን በውል ይተዋሉ፤ በምላሹም ክፍያ ወይም የግብር ቅናሽ ያገኛሉ። በአገራችን መሬት አይሸጥም፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ታዲያ ማበረታቻው በይዞታ ማረጋገጫ በኩል ሊሰጥ ይችላል። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በይዞታ መብት ለሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰጥቶ፣ ደኑ ከጉቶው አገግሟል፤ ማኅበራቱም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝተዋል። የኔሪ ዳርቻም በቡድን ይዞታ ተመዝግቦ፣ ሣሩ፣ ቀፎውና ፍራፍሬው ለጠባቂዎቹ ቢሆን፣ ከማጎ ፓርክ የቱሪዝም ገቢም ድርሻ ቢታሰብላቸው፣ የገበሬው ስሌት ይለወጣል።

ይህ ሁሉንም ይፈታል አልልም። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የኦሞ የጎርፍ ሥርዓት ተለውጧል። የሚራባው ዓሣም፣ ጎርፉ ሲሸሽ በዳርቻው ማሽላ የሚዘራው ሕዝብም ይጠብቁት የነበረውን ጎርፍ ዛፍ አይመልሰውም። ለዚያ ከግድቡ በወቅቱ የሚለቀቅ በቂ ውኃ ያስፈልጋል፤ ይህንንም በግልጽ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ትልቁ ጥያቄ እስኪመለስ ትንንሾቹን ገባሮች ማጣት አይኖርብንም።

ውድ ተማሪዎች፣ የእናንተ ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ቴርሞሜትር ይዛችሁ በቀትር ወደ ኔሪ ውረዱ። ከዛፍ ጥላ ሥር የሚያልፈውን ውኃ ለኩ፤ ከተራቆተው ዳርቻም ለኩ። ውጤቱን ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ መዝግቡና በቀበሌ ስብሰባ፣ በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አሰሙ። ጩኸት በቀላሉ ይታለፋል፤ የአንድ ዓመት ልኬት ይዞ የቀረበን ወጣት ግን ሹሙ መልስ ሳይሰጥ ሊሸኘው ይቸገራል።