ይርጋው የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ምጥ ላይ ታፍኖ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ጉዳቱ በዕለቱ አይታወቅም። አልቅሶ፣ ጡት ይዞ፣ በእናቱ ታቅፎ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። አምስተኛው ወር ላይ አንገቱ አልጸና ሲል «የአባቱም ወገን ዘግይተው ነው የቆሙት» ይባላል። ዓመት ሞልቶት አልቀመጥ ሲል የጸበሉና የጸሎቱ ተራ ይመጣል። ከሁሩሙም ሆነ ከጎሬ ወደ መቱ፣ አንዳንዴም በበደሌ አድርጎ እስከ ጅማ መመላለስ ይከተላል። አንድ ሐኪም «ሲወለድ አየር አጥሮት ነበር እንዴ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ከቤተሰቡ ስለ ሕግ ያሰበ የለም።

ይርጋው ግን መቆጠር ከጀመረ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2143 የጉዳት ካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ቤተሰቡ ካወቀበት ቀን ጀምሮ አላለም። ልጁ አድጎ ራሱ ይከሳል ብሎ መቀመጥም አያዋጣም፤ ወላጁ ሞግዚት ሆኖ ዛሬውኑ መክሰስ አለበት።

ፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፍ ወዳጅ አለኝ። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ የልጅ ልጃቸውን ጉዳይ ይዘው የመጡ አዛውንት «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ያቺን አዋላጅ ማሳሰር ነው» አሉት።

«አባባ፣ እሷ ብትታሰር ልጁን ማን ያሳክምልዎታል?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። የብዙ ሰው አካሄድ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ። በእርግጥ የወንጀል ሕጉ በቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ ሐኪምን ከሾፌር ጎን ጠቅሶታል፤ የአካል ጉዳቱ በቁጥር 559 ይታያል። ግን የእስራት ቅጣት ለፊዚዮቴራፒ አይከፍልም። የወንጀሉ መንገድ ዋና ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ጉዳቱ ወንጀልም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ የካሳውም ክስ በዚያው ይርጋ ይመራል። ሁለት ዓመት ላለፈበት ቤተሰብ የቀረችው በር ብዙ ጊዜ ይህቺ ናት። ባለሙያዋ በወንጀሉ ነፃ ብትባል እንኳ የካሳው ዳኛ በዚያ አይታሰርም።

አዋላጇን ማሳደዱ እኔም አይዋጥልኝም። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ከሆነ፣ በሥራ ላይ ለተፈጸመ ጥፋት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 መሠረት መንግሥትን ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የግል ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ከሆነ ለሠራተኞቹ ጥፋት በቁጥር 2651 ተቋሙ ይጠየቃል። ሌሊቱን ሁለት ወላዶችን ብቻዋን ስትጠብቅ ያደረች ልጅ ከየት አምጥታ ትከፍላለች?

ጥፋት መኖሩን ማስረዳቱ ነው ከባዱ። ልጁ ስለተጎዳ ብቻ ባለሙያው አጥፍቷል አይባልም፤ ቁጥር 2031 የሚጠይቀው የሙያው ደንብ መጣሱን ነው። ለዚህ ከምስክር ሁሉ የሚበልጠው ፓርቶግራፍ የሚባለው የምጥ መከታተያ ወረቀት ነው። የፅንሱ የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ፣ የማህፀን በር መከፈት በየአራት ሰዓቱ ይመዘገብበታል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባዶ ከሆነ፣ ባዶው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ጠብ ሳይነሣ የእናትየዋን ካርድ ኮፒ በጽሑፍ መጠየቅ ይበጃል፤ ከከለከሉም ፍርድ ቤቱ ሰነዱ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል።

የአገር ሽማግሌም ይገባል፤ ያለ ነው። ነገር ግን ለመታከሚያ ትንሽ ብር ተቀብሎ «ታርቀናል» ብሎ የፈረመ ሰው ልብ ይበል፦ በሕጉ መሠረት የተደረገ የዕርቅ ውል በቁጥር 3312 ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላው ተሽከርካሪ ወንበር ያስፈልገዋል ብሎ ያን ቀን ማን አሰበ?

ካሳው ምን ያህል ነው ለሚለው፣ ለኅሊና ጉዳት በቁጥር 2116 የተፈቀደው ጣሪያ አንድ ሺህ ብር ነው። ከ1952 ጀምሮ አንድ ሺህ! የእናት ዕንባ በዚህ ይተመናል። የቁስ ጉዳቱ ግን ጣሪያ የለበትም፤ መድረሱ የማይቀር የወደፊት ወጪም ከአሁኑ ይጠየቃል። የሕክምናው፣ የመንገዱ፣ እናቲቱ ሥራ ያቆመችበት ሁሉ በዝርዝር ይጻፍ። የዳኝነት መክፈያ ያጣ በደሃ ደንብ ይከፍታል።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2009 ለእንዲህ ያሉ ልጆች የተለየ የካሳ ሥርዓት ዘርግታለች። ከወሊድ ጋር በተያያዘ የአንጎል ጉዳት ሽባ ለሆነና መስፈርቱን ላሟላ ልጅ፣ ማን አጠፋ ሳይባል በጠቅላላው 30 ሚሊዮን የን ይከፈላል፤ ከዚያ የጉዳቱ መንስኤ ተጠንቶ ለሌሎች ማስተማሪያ ይሆናል። የእኛ ካዝና የጃፓን አይደለም። ይርጋውን ቤተሰቡ ጉዳቱን ካወቀበት ቀን ማስጀመር ግን ካዝና አያራቁትም። ትንሽም ቢሆን እንዲህ ያለ ፈንድ ቢኖር ደግሞ፣ አዋላጇም ያ የምጥ መከታተያ ወረቀት ያሳስረኛል ሳትል የሆነውን ሁሉ ትሞላበት ነበር።