ባለ 3.2 ኮከቡ ወይን

ለሥራ ኢስታንቡል በሄድኩበት ሳምንት፣ ካዲኮይ ከሚገኝ ሱቅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ርካሽ ቀይ ወይን አነሳሁ። አምራቹን ሰምቼው አላውቅም። የሥራ ባልደረባዬ ጠርሙሱን በስልኩ ቃኘና «ተወው፣ 3.2 ነው» አለኝ። በቃ። ሳይቀምስ ፈረደ።

እኔ ኮድ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። የኮከብ አማካይ እንዴት እንደሚሰላ አውቃለሁ፣ ሠርቼዋለሁም። ለዚያ ጠርሙስ ድምፅ የሰጡት 11 ሰዎች ናቸው። ዘጠኙ 3.7 ቢሰጡና ሁለቱ ተናደው አንድ አንድ ኮከብ ቢወረውሩ ውጤቱ 3.2 ነው። ይሄ ዳታ አይደለም፣ ሐሜት ነው።

ወይኑ ከሁለት የምሥራቅ ቱርክ ፍሬዎች የተጠመቀ ነው። አንዱ የኤላዚግ ኦኩዝጎዙ ነው፤ ስሙ «የበሬ ዓይን» ማለት ነው፣ ፍሬው ትልቅና ጥቁር ስለሆነ። ሌላው የዲያርባኪር ቦአዝከሬ ሲሆን ትርጉሙ «ጉሮሮ አቃጣይ» ነው። እውነትም! መጀመሪያ ኮምጠጥ ያለ የፍሬ ጣዕም፣ ቀጥሎ ቅጠሉ ሳይወጣ የቆየ ሻይ ዓይነት ምላስ የሚያደርቅ ነገር። ጌሾው የበረታ ጠጅ ለለመደ ሰው ይሄ ጥፋት አይደለም። ለስላሳ የፈረንሳይ ወይን ጠብቆ ለመጣ ግን አንድ ኮከብ ነው። ስሙ ላይ የተጻፈውን ነገር አደረገ ብሎ መቅጣት ምን ይባላል?

እሺ፣ ብር ውስን ሲሆን ሰው መመሪያ ይፈልጋል፤ ይገባኛል። ግን ቱርክ በወይን እርሻ ስፋት ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ናት፤ አብዛኛው ፍሬዋ ይበላል ወይ ዘቢብ ይሆናል፣ ወደ ጠርሙስ የሚገባው ጥቂቱ ነው። በዚያ ላይ ግብሩ ከባድ ነው። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያ በሕግ ተከልክሏል፣ ሱቆችም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሸጥ አይችሉም። ትልቁ ፋብሪካ ስሙ ቀድሞ የታወቀ ነው። ትንሹ «እዚህ አለሁ» ማለት አይፈቀድለትም። የቀረው ከጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀትና የባለሱቁ ምላስ ነው። እኛ ደግሞ ባለሱቁን ጀርባ ሰጥተን ስልክ እንጠይቃለን። (ሰውዬው እኮ በእጁ እያሳየ «ከበግ ሥጋ ጋር» ብሎን ነበር። ልክ ነበር።)

ባልደረባዬ ሦስት ብርጭቆ ጠጣ። እኔም 12ኛ ሆኜ 4 ሰጠሁት። 3.3 ሆነ።